ዝም ያለ ትከሻ

ፈተናው ቅዳሜ፤ ዛሬ ሐሙስ መሸ።
የማራኪ መብራት ብልጭ ብሎ ሸሸ።
እኔም በአንዲት ሻማ፣ ከበር ሳንቃው በላይ፣
እቆጥራለሁ ገና፣ እግሬን እግሬ ሳያይ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ሰባት ላይ ስደርስ መሳት፤
ደግሞ ከአንድ መነሣት።

በሩ የጓዳችን ነው። አባባ ከማጠፊያው ነቅሎ አነጠፈልኝ፤
«ሌባም ቢመጣ ኳኳታሽን ሰምቶ ይሸሻል» አለኝ።
ከግድግዳው ወዲያ እማማ ጌጤ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው፣
«አንቺ ልጅ፣ በውድቅት ሌሊት የምትወቅጪው ጌሾ ነው?» ይላሉ ጮኸው።

ጌሾ አይደለም እማማ፤
የዳሸን ቢራ ቆርኪ ነው፣ የተመታ ከጫማ።
ጋሼ አጣናው ነው የሠራልኝ፣ ከመናኸሪያው ጥግ የሚቀመጠው፣
ስምንት ለግራ፣ ስምንት ለቀኝ፣ በሚስማር እያጣበቀው።
«አሁንማ የጋሪ ፈረስ ሆንሽ፣ ሂጂ» ብሎኝ ሳቀ፤
ዋጋውን ግን አልቀነሰም፤ እስከ ሳንቲሙ ጠየቀ።

የምታስተምረን ኦርላ ናት፤ ሰፈሩ «ወርቄ» ይላታል፤
በሀገሯም ስሟ ወርቅ ነው አሉ፤ እንዲያው ገጥሟታል።
ቀን ለአዋላጅ ነርሶች፣ ማታ ለእኛ ትቆማለች፤
ሪል የሚሉት ሩጫ ነው፣ ጂግ የሚሉት ዝላይ፤ ሁሉን ታሳያለች።
ጉልበቷ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ሲዘል ግን ዕድሜውን ይረሳል።
አማርኛዋ አጭር ነው፤ ለትእዛዝ ግን ይደርሳል፦
«እግር ያውራ። እጅ ይስማ።
ትከሻ ዝም!»

ጎንደር ላይ፣ ትከሻ ዝም!
ቀሃን ሽቅብ ፍሰስ እንደማለት ነው፤ ልጁ ቆሞ ሳይሄድ
ትከሻው የሚቀድም ሀገር፣ በምን ይቻላል ይህ ጉድ?
ደብሬ በሳቅ ፈነዳች።
ወርቄ ግን አልሳቀችም። «ምጥ ላይም» አለች፣ «ራሱ ይወጣል፤
የሚያስቸግር ትከሻ ነው። በቀስታ ሲይዙት ያልፋል።»

ይህን ለአባባ ነገርኩት።
ድሮ እሱ ሠርግ ቤት ሲገባ ድንኳኑ ይጠብ ነበር፤
ሲወርድ ሲወጣ ትከሻው፣ ግንባሩ ላይ ብር በብር።
ከአዘዞው መንገድ ወዲህ ግን፣ ባጃጁ ከተገለበጠ፣
ግራው ትከሻ አይሰማም፤ እንዳኮረፈ ሰው ተቀመጠ።
«ዝምታን እኔ ላስተምርሽ» አለኝ፤ እጁን ሰዶ ከኪሱ
ሁለት የብር ሳንቲም አወጣና፣ ትከሻዬ ላይ አኖረ በየራሱ።
«ድሮ ለሚናወጠው ነበር የሚሸለም፤ አንቺ ለማይነቃነቀው ያዢ።
ከወደቀ የኔ ነው፤ ከቆመ ያንቺ፤ ግዢበት ወይ አትግዢ።»

እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ።
አሥራ አንድ ጊዜ ወለሉን ዳበስኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ፣ ሻማው አለቀ።

ፈታኟ ነገ ትገባለች፣ ሰማዩ ከፈቀደ፣
የግንቦት ደመና አዘዞ ሜዳ ላይ ካልወረደ።
ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ ትንሽ ደወል አላት አሉ፤
ለአቋም ይህን ያህል፣ ለምት ይህን ያህል።
ሦስተኛ ደረጃ ቀላል ነው የሚሉ
ሦስተኛውን ያልሞከሩ ናቸው ሁሉ።

እንደገና። ሌላ ሻማ። አባባ በአፉ ዜማውን ያዘ፤
ከወርቄ ስልክ የሰማው ነው፣ ግን መንገድ ላይ ተበረዘ፣
አንገቱን ሰበር አደረገ፣ የሠርግ ቤት ሽታ ያዘ።
እግሬ ግን አወቀው፤ ቆርኪው ተንጫጫ፤ ሰባት ደረሰ፤ አለፈ፤
ግራና ቀኜ ላይ ብሩ እንደ ወፍ ዐረፈ።

ዞር ስል አባባ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔን አያየኝም።
የቀኝ ትከሻው ብቻ፣ ያላኮረፈው፣
ለራሱ ይጫወታል።
አላስቆምኩትም።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ትከሻ ዝም።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ፣ እዚያው ቅዳሜ፣
የአክስቴ የዘመናይ ልጅ ሠርግ አለ።
ሳንቲሞቹን አልገዛባቸውም።
ለአንድ ትከሻ ይበቃሉ።